ቲሞቲ ሱሊቫን፦ የኒው ዮርክን ሽጉጥ በፈቃድ ያሰሩት የባወሪው ፖለቲከኛ

እአአ በሴፕቴምበር 1913 አጋማሽ፣ በኒው ዮርክ ከተማ የአስከሬን ማቆያ ውስጥ ስሙ ያልታወቀ የአንድ ግዙፍ ሰው ሬሳ የቀብር ተራውን ይጠብቅ ነበር። ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ብሮንክስ ውስጥ ከባቡር ሐዲድ ላይ ተነስቶ የመጣ ነው። ጠያቂ ወገን ባለመገኘቱ ድሆች በጅምላ ወደሚቀበሩበት ስፍራ ሊላክ ሲሰናዳ፣ በቦታው የነበረ ፖሊስ ፊቱን አየና ደነገጠ። ሟቹ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጡት፣ በማንሃተን ድሃ ሠፈሮች ስማቸውን የማያውቅ ያልነበረው ቲሞቲ ሱሊቫን ነበሩ።

አሟሟታቸው የዚያን ሰሞን ጋዜጦች ያጨናነቀ ቢሆንም ስማቸውን እስከ ዛሬ ያቆየው ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ሰዎች ሽጉጥ በግላቸው መያዝ ይከልከሉ ወይስ ይፈቀድላቸው የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር በ1911 የወጣው የሱሊቫን ሕግ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሕጉ ሽጉጥን ጨርሶ አልከለከለም። በኒው ዮርክ ግዛት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መያዝን ግን ወንጀል አደረገ። ፈቃዱን ማን ያገኛል፣ ማንስ ይነፈጋል የሚለው ጥያቄም አብሮ ተወለደ።

ቲሞቲ በ1862 ከአየርላንድ ስደተኞች ተወለደ። ቤተሰቡ የኖረው በዘመኑ በድህነቱና በወንጀሉ ስሙ በከፋው የፋይቭ ፖይንትስ ሠፈር ነበር። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ እንጀራ አባቱ ደግሞ ደመወዙን በመጠጥ የሚጨርስ የቀን ሠራተኛ ነበር። ልጁ በስምንት ዓመቱ ጋዜጣ ማሰርና ማዞር፣ ሊስትሮ መሆን ጀመረ። አንድ ክረምት ጫማው ተቀዳዶ እግሩ በረዶ ሲነካ ያየች አስተማሪ አዲስ ጫማ እንዲያገኝ አደረገች። ካደጉ በኋላ ሱሊቫን በየክረምቱ በሺዎች ለሚቆጠሩ ችግረኞች ጫማ ሲያድሉ ይህችን አስተማሪ እያነሱ ያመሰግኗት ነበር። ለገና በዓልም በባወሪ ጎዳና ቤት የሌላቸውን ሰዎች በሺዎች አሰልፈው ምሳ ያበሉ ነበር።

ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ነው ሌላው ገጽታቸው። ሱሊቫን በወጣትነታቸው መጠጥ ቤቶች ከፈቱ፤ ራሳቸው ግን አልኮል አይቀምሱም፣ ትምባሆም አያጨሱም ነበር። ድክመታቸው ቁማር ነበር። ኋላም በቲያትር ንግድ ገብተው እስከ ምዕራብ አሜሪካ የተዘረጋ የመዝናኛ ቤቶች ሰንሰለት ባለድርሻ ሆኑ። በ1886 በሃያ አራት ዓመታቸው ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጡ። የፖለቲካ ቤታቸው ታማኒ ሆል ነበር። ይህ የከተማዪቱ የዴሞክራቶች ድርጅት ለስደተኛው ሥራ፣ የድንጋይ ከሰልና የዋስ ገንዘብ እያቀረበ በምላሹ ድምፁን ይወስድ ነበር።

ከተመረጡ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የከተማው ፖሊስ የምርመራ ሹም በአደባባይ የሌቦች ወዳጅ ሲሏቸው፣ ወጣቱ እንደራሴ በምክር ቤቱ ተነስተው የሕይወት ታሪካቸውን ከእናታቸው ችግር ጀምረው ተረኩ። ብዙዎቹን የምክር ቤት አባላት ያስለቀሰ ንግግር እንደነበር ይነገራል። ክሱ ግን ከስማቸው አልተፋቀም፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። በምርጫ ቀን የታማኒ ሆል ሰዎች የወሮበሎች ቡድኖችን ያሰማሩ ነበር። እነዚህ ጉልበተኞች የተቀናቃኝ ደጋፊዎችን ያባርራሉ፤ አንዱን ሰው ደጋግመው ድምፅ ያሰጣሉ። ሲታሰሩ ደግሞ የሚያስፈታቸው አይጠፋም። የቡድኖቹ መሣሪያ መጀመሪያ ዱላና የብረት ቡጢ ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ ግን ርካሽ ሽጉጥ በየአራጣ አበዳሪውና በየሱቁ ተዳረሰ፤ የሱሊቫን መራጮች በሚኖሩባቸው ጠባብ ጎዳናዎች የሚተኮሰው ጥይት የመንገደኛውንም ሕይወት መቅጠፍ ጀመረ።

ሁለት ጥቃቶች ጉዳዩን ከድሃው ሠፈር አውጥተው የባለጸጋውም ስጋት አደረጉት። በኦገስት 1910 የከተማዪቱ ከንቲባ ዊሊያም ጌይነር ለዕረፍት ወደ አውሮፓ ሊሄዱ ከመርከብ ላይ ሳሉ ከሥራ የተባረረ የከተማው ሠራተኛ በሽጉጥ አቆሰላቸው። ጥይቱ ጉሮሯቸው ውስጥ ቀረ። ቀጥሎ በጃንዋሪ 1911 የፖለቲከኞችን ሙስና በማጋለጥ የታወቀው ደራሲና ጋዜጠኛ ዴቪድ ግራሃም ፊሊፕስ በግራመርሲ ፓርክ አጠገብ በጠራራ ፀሐይ በበርካታ ጥይቶች ተመትቶ በማግስቱ ሞተ። ገዳዩ የራሱንም ሕይወት በዚያው ሽጉጥ አጠፋ። ሰውየው ከተከበረ ቤተሰብ የተወለደ የቫዮሊን ተጫዋች ሲሆን፣ የደራሲው ልቦለድ ቤተሰቤን አዋርዷል የሚል ቅዠት አድሮበት ነበር።

በከተማው የአስከሬን ምርመራ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩት ጆርጅ ፔቲ ለብራን ከዚያ በኋላ ዝም አላሉም። በየቀኑ በጥይት የተገደሉ ሰዎችን መዝገብ የሚያገላብጡት እኚህ ሰው ለዳኞች፣ ለነጋዴዎችና ለታዋቂ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፉ ሽጉጥ በሕግ እንዲገታ ወተወቱ። ሐሳቡን ወደ ግዛቲቱ ሴኔት ያቀረቡት ሱሊቫን ናቸው። ረቂቁ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለ ብዙ ችግር አለፈ፤ አገረ ገዢው ጆን አልደን ዲክስ በሜይ ፈረሙበት፤ በሴፕቴምበር 1911 መባቻም ሥራ ላይ ዋለ።

በአዲሱ ሕግ መሠረት በልብስ ሊደበቅ የሚችል ማንኛውንም ሽጉጥ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ቀላል ወንጀል፣ ደብቆ ይዞ መንቀሳቀስ ደግሞ ወደ ወህኒ የሚወስድ ከባድ ወንጀል ሆነ። ሻጮች የገዢውን ማንነት እንዲመዘግቡ ታዘዙ። የአሜሪካ ዜግነት ለሌላቸው ሰዎች ሕጉ ይበልጥ ጠበቅ ያለ ነበር፤ በአደባባይ መሣሪያ ይዘው መገኘት አይችሉም።

ሕጉን የተቃወሙት ወዲያው ያነሱት መከራከሪያ ዛሬም ይሰማል። ወንበዴ ፈቃድ ሊጠይቅ አይሄድም፤ ባዶ እጁን የሚቀረው ሕግ አክባሪው ነው አሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ሽጉጥ ኪሱ ውስጥ የተገኘበትን ወሮበላ ሰው እስኪገድል ሳይጠብቁ ማሰር እንደሚቻል፣ በንዴትና በስካር የሚፈሰው ደምም እንደሚቀንስ ተናገሩ። ሁለቱም ወገኖች ያልገመቱት ፖሊስ በሥልጣኑ የሚያደርገውን ነበር። ፖሊሶች ሊያስሩት በፈለጉት ሰው ኪስ ራሳቸው ሽጉጥ እየከተቱ ይይዙታል የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰ። አንዳንድ የታወቁ ወሮበሎች ይህን ፈርተው የልብሳቸውን ኪስ አሰፍተው ዘጉ ይባላል። ሱሊቫንም ሕጉን ያወጡት ታዛዥ ያልሆኑ ቡድኖችን ለመቅጣት ነው ያሉ አልጠፉም። የሠፈራቸውን ሕዝብ ምሬት ሰምተው ነው የሚሉም አሉ። ከሥራቸው ሲታይ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ የሚችሉ ምክንያቶች ናቸው።

ሕጉ በተግባር የወደቀበት ሰው ማን እንደነበር ግን ከመጀመሪያዎቹ ፍርዶች ይታያል። ሕጉ በጸና በሳምንታት ውስጥ ሽጉጥ ይዞ የተገኘ አንድ ጣልያናዊ ስደተኛ፣ የያዝኩት ስደተኞችን እያስፈራሩ ገንዘብ ከሚቀበሉ ወንበዴዎች ራሴን ለመጠበቅ ነው ቢልም የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶበት ሲንግ ሲንግ ወህኒ ወረደ። ለሕጉ መነሻ የሆነው ግድያ የተፈጸመው በአገሬው ባለጸጋ ልጅ ነበር፤ በሕጉ መጀመሪያ ወህኒ ከገቡት አንዱ ግን በሱሊቫን ሠፈሮች እንደሚኖሩት ያለ ስደተኛ ሆነ። ከንቲባው የተመቱትም በወንዙ ማዶ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሆቦከን ወደብ ላይ ስለነበር የኒው ዮርክ ሕግ ከዚያ ጥይት ሊያድናቸው አይችልም ነበር።

ሱሊቫን በዚያው ዘመን የሴቶችን የመምረጥ መብት ከደገፉት ጥቂት የታማኒ ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1912 የፋብሪካ ሴቶችን የሥራ ሰዓት በሳምንት 54 ላይ የሚገድበው ረቂቅ ሊወድቅ ሲል፣ ሱሊቫንና የአጎታቸው ልጅ ወደ ኒው ዮርክ በሚመለሰው የሌሊት መርከብ ተሳፍረው ነበር። ለሕጉ ስትሟገት የነበረችው ወጣቷ ፍራንሲስ ፐርኪንስ መልእክት ስትልክባቸው ከመርከቡ ወርደው አቀበቱን እየሮጡ ተመለሱና ድምፃቸውን ሰጡ፤ ሕጉም አለፈ። ፐርኪንስ ኋላ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ አባል ሆናለች።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው ዕድሜ አጭር ነበር። በ1912 መጨረሻ ለኮንግረስ ቢመረጡም ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ባለቤታቸው በዚያው ዓመት ሞተው ነበር፤ የእሳቸውም አእምሮ ታወከ። ሰዎች ሊመርዙኝ ያሴራሉ እያሉ ምግብ ይፈሩ ጀመር። በ1913 መጀመሪያ ሕክምና ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም ብሮንክስ በሚገኘው የወንድማቸው ቤት በጠባቂዎች ተከበው ተቀመጡ። በኦገስት 31 ሌሊት ግን ከጠባቂዎቹ አምልጠው ወጡ። ባቡር የገጫቸው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነበር።

አስከሬናቸው ስም አልባ ሆኖ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ ከንቲባ ጌይነርም ከሦስት ዓመት በፊት የተተኮሰባቸውን ጥይት በጉሮሯቸው እንደያዙ ወደ አውሮፓ በሚጓዝ መርከብ ላይ አረፉ። የሱሊቫን ማንነት ከታወቀ በኋላ ባወሪ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ለቀስተኛ ተሞላ። ሴናተሮችና ዳኞች ከቁማርተኞች፣ ከተዋንያንና ጫማቸውን ከሱሊቫን ካገኙ ጎዳና አዳሪዎች ጋር ተቀላቅለው ሸኟቸው። ኩዊንስ በሚገኘው የካልቫሪ መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

ሕጉ ግን በሱሊቫን እጅ እንደነበረ አልቀረም። በሞቱበት በዚያው ዓመት በተደረገው ማሻሻያ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ ተደነገገ። ፍርድ ቤቶች ቃሉን ሲተረጉሙ፣ አመልካቹ ከማንም ነዋሪ የተለየ ስጋት እንዳለበት ማሳየት አለበት አሉ። ወንጀል በበዛበት መንገድ ሌሊት ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱ ከጎረቤቱ ካልተለየ አይበቃም ማለት ነው። ታዋቂ ሰዎችና ባለጸጎች ግን ፈቃዱን ያገኙ ነበር። ሌሎች ከተሞች ከዚህም አልፈዋል። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ በ1976 ነዋሪዎች አዲስ ሽጉጥ ቤታቸው እንዳይኖራቸው ከለከለች፤ እገዳው የፈረሰው በ2008 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ውሳኔ ነው።

የኒው ዮርኩ ተራ በጁን 2022 ደረሰ። ዘጠኙ ዳኞች ስድስት ለሦስት ተከፍለው የበቂ ምክንያቱን መስፈርት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ ሻሩት። ግዛቲቱ ከነከሳሾቹ ስትከራከር፣ ለድሆች የሚቆሙ የኒው ዮርክ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ባልተለመደ ሁኔታ ከሽጉጥ ባለመብቶች ጎን ተሰልፈው ነበር። ፈቃድ አልባ ሽጉጥ ይዘዋል ተብለው የሚታሰሩት በብዛት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች መሆናቸውን ለፍርድ ቤቱ አስረዱ። የግዛቲቱ ምክር ቤት በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ሌላ ሕግ አወጣ፤ ሽጉጥ ይዞ መግባት የማይቻልባቸውን ቦታዎች ዘርዝሮ ሥልጠና ግዴታ አደረገ። በኒው ዮርክ ሽጉጥ ሊይዝ የሚፈልግ ሰው አሁን ለምን እንደፈለገ ልዩ ምክንያት አይጠየቅም፤ ሱሊቫን በ1911 ያስገቡትን ፈቃድ ግን አሁንም ማውጣት አለበት።