ሃዋርድ ኤመንስ፦ ቃጠሎን ወደ ስሌት ያመጡ መሐንዲስ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሕንፃ ቃጠሎ ጥናት በአብዛኛው በልምድና በደረጃ ፍተሻ ላይ የቆመ ነበር። አንድ የግድግዳ ልባስ በእሳት ይፈተናል፤ ፈተናውን ካለፈ ይፈቀዳል፣ ከወደቀ ይከለከላል። ያው ልባስ በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ሲቀጣጠል ምን እንደሚያስከትል ግን ፈተናው አይናገርም። ይህን አሠራር ከመሠረቱ መርምረው የሕንፃ ቃጠሎ በፊዚክስ ሕግጋት ሊሰላ እንደሚችል ካሳዩት ምሁራን መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃዋርድ ዊልሰን ኤመንስ ናቸው።

ኤመንስ እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በሞሪስታውን ከተማ ተወለዱ። በስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተማሩ በኋላ በ1938 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ለጥቂት ጊዜ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያና በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ1940 ወደ ሃርቫርድ ተመለሱ፤ የቀረው የማስተማርና የምርምር ዘመናቸውም በዚያው አለፈ።

የመጀመሪያ ዝናቸው የመጣው ከእሳት ሳይሆን ከፈሳሾችና ከጋዞች ፍሰት ጥናት ነው። ኮምፒውተር ገና ባልተስፋፋበት በ1944 ውስብስብ የፍሰት እኩልታዎችን በቁጥር ስሌት ደረጃ በደረጃ ስለ መፍታት ጽፈዋል። በ1951 ደግሞ ሥርዓት ያለው ፍሰት ወደ ሁከታማ ፍሰት የሚለወጠው በአንድ ጊዜ ሳይሆን፣ እዚህም እዚያም በሚፈጠሩና እየሰፉ በሚሄዱ ነጠብጣቦች አማካይነት መሆኑን አስረዱ። ነጠብጣቦቹ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

ይህ ዕውቀት ወደ እሳት መራቸው። ነበልባል በመሠረቱ በኬሚካዊ ለውጥ የሚግል የጋዝ ፍሰት ነውና። በ1956 በአየር ፍሰት ሥር የሚቃጠል ፈሳሽ ነዳጅ በምን ፍጥነት እንደሚያልቅ የሚያሰላ መፍትሔ አቀረቡ። በ1967 ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር በሚሽከረከር የወንፊት ሲሊንደር መካከል አሴቶን በማቃጠል የእሳት አውሎ ነፋስን በቤተ ሙከራ ፈጥረው ለኩ።

የፍተሻውን አሠራር ድክመት በጉልህ ያሳዩት በ1974 ለሰፊው አንባቢ ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። ስድስት የአውሮፓ አገሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፍተሻ 24 የግድግዳ ልባሶችን ደረጃ ሲሰጡ ውጤቶቹ አልተስማሙም፤ በአንዱ አገር እጅግ አስተማማኝ የተባለ ልባስ በሌላው እጅግ አደገኛ ተብሎ ተመደበ። ልባሱ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ የተለያየው እያንዳንዱ ፍተሻ የራሱን የተለየ ሁኔታ ስለሚለካ ነው።

ለዚህ የሰጡት መልስ ስሌት ነበር። በ1970ዎቹ ሃርቫርድ ከፋክቶሪ ሚውቹዋል የምርምር ተቋም ጋር ባካሄደው የመኖሪያ ቤት እሳት ፕሮጀክት ሙሉ መጠን ያላቸው መኝታ ክፍሎች እየተቃጠሉ ሲለኩ፣ ኤመንስና ሄንሪ ሚትለር የሃርቫርድ የእሳት ፕሮግራም የተባለውን የኮምፒውተር ሞዴል አዳበሩ። ሞዴሉ ክፍሉን በሁለት ንብርብሮች ይከፍላል፤ ከኮርኒሱ ሥር የሚጠራቀም ትኩስ ጭስና ከበታቹ ያለ ቀዝቃዛ አየር። እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ወጥ ሙቀት እንዳለው ተወስዶ በበርና በመስኮት የሚገባውና የሚወጣው ጋዝ፣ እንዲሁም ከላይኛው ንብርብር ወደ ዕቃዎቹ የሚመለሰው ጨረር በየቅጽበቱ ይሰላል። ጨረሩ ቃጠሎውን ያፋጥናል፤ የተፋጠነው ቃጠሎም ጭሱን ይበልጥ ያግለዋል። ክፍሉ በድንገት በእሳት የሚዋጠው በዚህ ዑደት ነው።

የስሌቱ ፋይዳ በሰፊ ሕንፃዎች ላይ በደረሱ አደጋዎች ታየ። በግንቦት 1977 በኬንታኪ ግዛት የቤቨርሊ ሂልስ የእራትና የመዝናኛ ክበብ ተቃጥሎ 165 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ የተገኘው በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሞቱት ግን ጭሱና ነበልባሉ በረጅም መተላለፊያ አልፎ በደረሰበት በሌላ ታላቅ አዳራሽ ነው። ኤመንስ በ1983 ባሳተሙት ጥናት የዚያን አደጋ ሂደት በፍሰትና በሙቀት ሕግጋት ተነተኑ።

ሆኖም የሁለት ንብርብር ሞዴል ጥንካሬ የሆነው ቅለቱ ድክመቱም ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ ጭሱ ወዲያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሚሞላ አንድ ወጥ ሙቀት መውሰድ ከእውነታው ብዙ አይርቅም። በሰፊ አዳራሽ ግን ጭሱ በኮርኒሱ ሥር ሲጓዝ ጊዜ ይወስዳል፣ እየተጓዘም ይቀዘቅዛል። እሳቱም ወለሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመያዝ ይልቅ አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል፤ ከነበልባሉ በላይ ያለው ምሰሶና በሩቅ ያለው ምሰሶ የሚሸከሙት ሙቀት ለየቅል ነው።

የኮምፒውተር አቅም ሲያድግ አዳራሹን ወደ ብዙ ጥቃቅን ሕዋሶች ከፍለው በእያንዳንዱ ውስጥ ፍሰቱን የሚያሰሉ ሞዴሎች መጡ። ከእነዚህ አንዱን የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2000 ለሕዝብ አቀረበ። እነዚህ ሞዴሎች የጭስን እንቅስቃሴ ከቀደሙት በላቀ ዝርዝር ያሳያሉ። ነገር ግን ዕቃው በምን ፍጥነት እንደሚቃጠል ብዙ ጊዜ የሚወስነው ፕሮግራሙ ሳይሆን ተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚው የእሳቱን መጠን ዝቅ አድርጎ ካስገባ፣ እጅግ ዝርዝር የሆነው ሥዕል እንኳ አደገኛውን አዳራሽ ደኅና አስመስሎ ያሳያል።

ኤመንስ በ1998 ሲያርፉ የዘመናዊ የእሳት ሳይንስ አባት የሚል ስም አትርፈው ነበር። በ1956 በአንድ ፈሳሽ ነዳጅ ላይ የፈቱት ጥያቄ፣ ማለትም ነበልባሉ ራሱን የሚመግበው በምን ፍጥነት ነው የሚለው፣ በልዩ ልዩ ዕቃዎች ለተሞላ ሰፊ አዳራሽ ገና ሙሉ መልስ አላገኘም።