ዘፋኙ ካረፈ በኋላ የመጣ ዘፈን

ቦብ ማርሌን የማያውቅ ተማሪ በግቢያችን ይኖራል ብዬ አላስብም። ይሁን እንጂ «ባፋሎ ሶልጀር» የተሰኘው ዘፈኑ የወጣው እሱ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን የሚያውቁ ብዙ አይመስሉኝም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወትና ከሱ በኋላ የቀረውን ዘፈን አያይዤ ለማየት እሞክራለሁ።

ቦብ እ.ኤ.አ. በ1945 ጃማይካ ውስጥ ናይን ማይል በምትባል መንደር ተወለደ፤ ያደገው ግን ኪንግስተን ከተማ፣ ትሬንች ታውን በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። በ1963 ከጓደኞቹ ጋር ዌይለርስን መሠረተ። በ1973 «ካች ኤ ፋየር» አልበማቸው ለፈረንጅ ጆሮ እንዲስማማ ለንደን ላይ የሮክ ጊታር ተጨመረበት። ያኔ ግን እሱ በሕይወት ስለነበረ የሚጠየቅ ባለቤት ነበረው።

በ1978 አገራችን መጥቶ ሻሸመኔ ሰነበተ። በኅዳር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በግንቦት 1981 በካንሰር ሲያርፍ ገና የ36 ዓመት ሰው ነበር። የቀብር ጸሎቱን የመሩትም አቡነ ይስሐቅ ናቸው።

«ባፋሎ ሶልጀር» በ1983 «ኮንፍሮንቴሽን» በተባለው አልበም ወጣ። ዘፈኑ የሚያወሳው ከ1866 ጀምሮ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስለተሰለፉት ጥቁር ፈረሰኞች ነው። ከአፍሪካ በግድ የተወሰዱ ሰዎች ልጆች፣ የሌላውን ተወላጅ ምድር ለማስለቀቅ ተዋጉ። የአልበሙ ሽፋን ደግሞ ቦብን በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ ሲወጋ ያሳያል፤ ውስጡ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል አለበት። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ይህን ፈረሰኛ ወዲያው ይለየዋል፤ የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው!

በ1970ዎቹ የተቀዳው «አይረን ላየን ዛየን» ደግሞ በ1992 ሲወጣ የቦብ ድምፅ ቀርቶ ሙዚቃው በአዲስ ተሠርቶ ነበር። ታዲያ ዘፈኑ የማን ነው? አንዳንድ ጓደኞቼ የሞተን ሰው ሥራ መነካካት ነውር ነው ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። እዮብ መኮንን በአዲስ አበባ ክለቦች የቦብን ዘፈኖች ሲጫወት ቆይቶ ነው በ2007 «እንደ ቃል»ን ያወጣው። በ2013 እሱም በድንገት አረፈ፤ «እሮጣለሁ» የተባለው አልበሙም በ2017 ያለ እሱ ወጣ። ያኔ ሌሎች ባይነኩት ኖሮ እኛ ምን እንሰማ ነበር?

ስለዚህ ነውሩ መንካቱ ሳይሆን ሳያውቁ መንካቱ ነው። ጣና ዳር ጊታር ይዛችሁ የምትዘፍኑ ልጆች፣ ዝፈኑት፤ ግን ያ ወታደር ማን እንደሆነ፣ ለማንስ እንደተዋጋ እወቁ። ዜማውን ብቻ ከያዝን የሟቹ ድምፅ ይቀራል እንጂ ነገሩ ይጠፋል።