ዶክተር መላኩ በያን በባሕር ማዶ

መስከረም ጠብቶ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን፣ ከሮብ ገበያና ከአካባቢዋ መንደሮች ወጣቶች ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ እናያለን። አንዳንዱ የሚሄደው እስከ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሌላው አዲስ አበባ ይዘልቃል፤ ዕድል የቀናው ደግሞ ባሕር ይሻገራል። ወላጆች በዚህ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ልጃቸው ምግብና ልብስ ነው። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ግን ያለ ይመስለናል፤ ልጁ በሄደበት አገር ከማን ጋር ይቀመጣል? ከማንስ ጋር ይቆጠራል? ይህን ጥያቄ ቀድመው ከተጋፈጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ታሪካቸውን በዚህ እትም ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

መላኩ በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወልደው በሐረር አደጉ። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ከተፈሪ መኮንን ጋር የሥጋ ዝምድና ነበራቸው። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይልኩ ስለ ነበር፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ መላኩን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሕንድ ላኩ። ሕንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ወጣቶቹ በዚያ የቆዩት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩና በ1914 ዓ.ም. ክረምት ዋሽንግተን ገቡ። በዚያም ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ ተቀብለው አነጋገሯቸው። ፕሬዚዳንቱ የኦሃዮ ሰው ነበሩ፤ እነመላኩ የገቡበት ማስኪንገም ኮሌጅም የሚገኘው በዚሁ በኦሃዮ፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ትምህርት ቤቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። በኋላ በጠፈር መንኮራኩር መሬትን የዞረው የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጆን ግሌን ያደገውም በዚያች ከተማ ነው፤ መላኩ ሲማሩ ገና ሕፃን ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። መላኩ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። በአገራቸው አደይ አበባ ሲፈነዳና አዲስ ዓመት ሲከበር በኒው ኮንኮርድ ቅጠል መርገፍ ይጀምራል፤ ገና ሲደርስም በረዶ ነው። በአገሩ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ በአሜሪካ ግን የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚቆጠር መላኩ «በያን» ተብለው መጠራትን መልመድ ነበረባቸው። ይህ ልማድ ከእርሳቸው ጋር አልቀረም፤ ኋላ የወለዱት ልጅም በአሜሪካኖች ልማድ የአባቱን ሙሉ ስም ወርሶ መላኩ በያን ተብሏል። በ1912 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ በሮም ኮሌጅ ስላቋቋሙላቸው፣ በዚያ ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ቋንቋ በአንድ ጣሪያ ሥር ይነጋገሩ ነበር። መላኩ ግን ከሁለት ጓደኞቻቸው በቀር አማርኛ የሚያወራቸው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ብርድም ባዕድ ቋንቋም ውለው አድረው ይለመዳሉ። የማይለመደው ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጥቁር ሰው በብዙ ቦታ ከነጭ ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጥም፤ በደቡቡ ክፍል ደግሞ ትምህርት ቤቱም የባቡሩ ወንበርም በሕግ የተለየ ነበር። ለኢትዮጵያዊ ግን አንድ የማምለጫ በር ተከፍቶለት ነበር። እናንተ የጥንት መንግሥት ያላችሁ ናችሁና ከባሮቹ ልጆች ጋር አትቆጠሩም የሚል ሽንገላ ይቀርብለታል። በዚህ በር መግባት ቀላል ነው፤ ክብርም ይመስላል። በአገራችንም የሰውን መልክና ትውልድ እየለየን የምንንቅበት ልማድ ስለ ነበረን፣ ሽንገላው ጆሮ ሳያገኝ አልቀረም።

መላኩ በዚህ በር አልገቡም። በ1920 ዓ.ም. ከማስኪንገም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙና በኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ ሕክምና ለመማር ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ሃዋርድ ከባርነት ነጻ ለወጡ ጥቁሮች ተብሎ የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዘመዳቸው ንጉሠ ነገሥት የሆነላቸው ወጣት፣ አገሬው ከናቀው ሕዝብ ልጆች ጎን መቀመጥን መረጡ። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን እንግዳ አድርገው አልቆጠሩም።

ምርጫቸው በትምህርት ቤት ብቻ አልቆመም። መላኩ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ልጅ ታጭተውላቸው ነበር። ይህን እጮኝነት አፍርሰው ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። የታጨችን ልጅ መተው በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም፤ በቤተሰቡ ላይ የሚያደርሰውን ኀዘን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኛም ይህን ለማመስገን ብለን አልጻፍነውም። ነገር ግን በቃል ወንድሞቼ ናችሁ ማለት አንድ ነው፤ ቤት መሥርቶ ልጅ ማሳደግ ደግሞ ሌላ ነው። መላኩ ሁለተኛውን ማድረጋቸውን ሳናስተውል ማለፍ አንችልም።

በሃዋርድ ታሪክ ያስተምሩ ከነበሩት ከዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋርም ተወዳጁ። በ1926 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ የምርምር ማኅበር ሲቋቋም ከሃንስቤሪ ጋር አብረው ሠሩ። ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲያገለግሉም ይጥሩ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣውና በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይላችንን የመራው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን፣ በእርሳቸው አማካይነት ከተጠሩት አንዱ ነው።

በዚያው ዓመት መላኩ የሕክምና ዶክተር ሆኑና ከባለቤታቸውና ከትንሹ ልጃቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ረጅሙን ትምህርት በሰላም የሚያገለግሉበት ጊዜ ግን አልተሰጣቸውም። መስከረም 1928 ዓ.ም. ገና ሳያልቅ ጣሊያን ወረራውን ጀመረ። ዶክተር መላኩ በጦርነቱ ወራት የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪምና አስተርጓሚ ሆነው አገለገሉ፤ በ1928 ዓ.ም. መጨረሻም ከስደተኛው ንጉሥ ጋር በእንግሊዝ አገር ነበሩ።

በመስከረም 1929 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ ላኳቸው፤ ለኢትዮጵያ ስደተኞች እርዳታ እንዲያሰባስቡ ነው። ያ የተማሪነት ዘመን ፍሬው የታየው ያን ጊዜ ነው። በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም መላኩን የተቀበሏቸው እንደ ባዕድ መልእክተኛ አልነበረም፤ አብሯቸው የተማረ፣ ልጃቸውን ያገባ ሰው ነበሩ። «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣ አቋቋሙ፤ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኒው ዮርክ ተመሠረተ። ቅርንጫፎቹ ከአሜሪካ አልፈው እስከ ጃማይካ ደረሱ። ገንዘቡን የሚያዋጡት ባለጸጎች አልነበሩም፤ በዚያ የሥራ እጦት ዘመን ከዕለት እንጀራቸው ቀንሰው የሚሰጡ ድኾች ነበሩ። ስለ ጥቁር ሕዝብ አንድነት የጻፉት መጽሐፍም በ1931 ዓ.ም. ታተመ።

ሥራው ግን አካላቸውን ጎዳ። ዶክተር መላኩ በሳንባ ምች ታመው ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከነጻነት በኋላም ለፌዴሬሽኑ ወገኖች በሻሸመኔ መሬት ተሰጣቸው፤ ከባሕር ማዶ መጥተው በዚያ የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በዚያው ይኖራሉ።