ራስ አሉላ እና የመረብ ምላሽ ድንበር

ራስ አሉላ እንግዳ (አባ ነጋ) ተምቤን ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ነው የተወለዱት። ለራስነት ያበቃቸው ዘራቸው ሳይሆን ሙያቸው ነው። በ1868 ዓ.ም. በግብፅ ላይ ከተገኘው ድል በኋላ አፄ ዮሐንስ መረብ ምላሽን ሰጧቸው።

በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈረመ። ኢትዮጵያ ማህዲስቶች የከበቧቸውን የግብፅ ወታደሮች ልታስወጣ፣ በምላሹ ቦጎስ ሊመለስላትና ዕቃዋ በምፅዋ በነፃ ሊያልፍ ነበር። አሉላ ቃላቸውን ጠበቁ፤ መስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ማህዲስቶችን አሸነፉ። ታዲያ ምን ያደርጋል! ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ከያዘች ወራት አልፈው ነበር። ወደ መሀል ስትገፋም ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ 500 ያህል ወታደሮቿን ደመሰሱባት።

አድዋም ዘምተዋል። በ1889 ዓ.ም. የሞቱት ግን ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ሲዋጉ በቆሰሉት ቁስል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ድንበር የጠበቁትን ሰው የጣላቸው የአገር ልጅ ጥይት መሆኑ ዛሬም ያስቆጫል።