ሙያካ ቢን ሐጂ፤ የሞምባሳው ባለ ቅኔ

በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ባሉት የስዋሂሊ ከተሞች ስሙ ሳይዘነጋ የሚኖረው ባለ ቅኔ ሙያካ ቢን ሐጂ አልጋሳኒ በ1776 ገደማ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሞምባሳ ከተማ ተወለደ። ከእርሱ አስቀድሞ በዚያ አገር የሚጻፈው ግጥም አብዛኛው የሃይማኖት ነበር። የላሙና የፓቴ ደሴቶች ሊቃውንት የስዋሂሊውን ቋንቋ በዐረብ ፊደል እየጻፉ የነቢዩን ታሪክና የዚህን ዓለም ከንቱነት በረዣዥም ግጥም ያስተምሩ ነበር። ሙያካ ግን ግጥምን ከመስጊድ አውጥቶ ወደ ገበያ ወሰደው ይባልለታል።

የመረጠው መልክ አጭር ነው። አራት ስንኝ አለው፤ እያንዳንዱም ስንኝ 16 ቀለም ሆኖ በስምንተኛው ላይ ያርፋል። በዚህ ጠባብ ስፍራ ፍቅርን፣ ጋብቻን፣ ድህነትን፣ የወዳጅን ክዳትና የመኳንንትን ጠብ አገባበት። አነጋገሩም እንደ እኛው ሰምና ወርቅ ምሥጢር የተሸሸገበት ስለ ሆነ ሰሚው ሁለት ጊዜ ማሰብ ነበረበት።

እርሱም ራሱ በንግድ ይተዳደር እንደ ነበር ይነገራል። ሞምባሳ የዝሆን ጥርስ ከውስጥ አገር፣ ጨርቅ ከሕንድ የሚገናኙባት ወደብ ነበረች፤ በአገራችን የታወቀው የማርያ ትሬዛ ብርም በዚያ ይሠራበት ነበር።

ከተማዪቱን የሚገዙት የማዝሩኢ ወገን ሹማምንት ሲሆኑ፣ አባቶቻቸው ከዖማን ተሹመው የመጡ ነበሩ፤ በኋላ ግን ግብር መላኩን ትተው ራሳቸውን ቻሉ። ሙያካ የእነርሱ ወዳጅና አንደበት ሆነ። በ1812 ገደማ ሞምባሳና ፓቴ ተባብረው በላሙ ላይ በተነሡ ጊዜ ጠቡ በጦር መሣሪያ ብቻ አልተካሄደም። ከላሙ መሪዎች አንዱ ዛሂዲ ምንጉሚ እርሱም ባለ ቅኔ ነበርና ዛቻው በግጥም ይላካል፣ መልሱም በግጥም ይመጣል። ጋዜጣ ባልነበረበት አገር የሕዝቡን ልብ የሚያቀናው ወይም የሚያሸፍተው ይህ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ነገር ግን በሼላ ባሕር ዳርቻ በተደረገው ውጊያ ሞምባሳ ክፉኛ ተሸነፈች።

ከዚያ ወዲህ የዖማኑ ገዢ ሰይድ ሰዒድ በሞምባሳ ላይ በረታ። ማዝሩኢዎች የእንግሊዝን ጥገኝነት ለምነው ካፒቴን ኦወን በ1824 ባንዲራ ቢሰቅልላቸውም መንግሥቱ ስላልተቀበለው በ1826 ወረደ። ሰይድ ሰዒድ በመርከብ ደጋግሞ ቢዘምትም ምሽጉን በኀይል አጥብቆ ሊይዝ አልቻለም። በመጨረሻ የረዳው የማዝሩኢዎች የእርስ በርስ ክርክር ነው፤ ሳሊም ቢን አሕመድ በ1835 ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ስለ ተጣሉ በ1837 ከተማዪቱ እጅዋን ሰጠች። አለቆቹም ተይዘው ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተጋዙ። ሙያካ ያወደሳቸው ጌቶች ካለፉ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖሮ በ1840 ገደማ ዐረፈ።

የተሸነፈ ወገን ባለ ቅኔ ቃሉ አብሮት ይቀበራል የሚያሰኝ ጊዜ ነበር። ከዚህም ሌላ የጽሕፈቱ ችግር አለ። የዐረብ ፊደል በልማዱ የስዋሂሊውን ኢና ኤ፣ ኡና ኦ አይለይም፤ ፐን በበ፣ ቨንም በፈ ይጽፈዋል። ሰባቱን ድምፅ ለይቶ የሚጽፍ ፊደል ላለን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። በዚያ አገር ግን ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮው የሰማ አንባቢ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ሰው የሞምባሳው መምህር ሲኩጁዋ ቢን አብደላ ነበር። ስሙ በስዋሂሊ አላወቅሁም ማለት ነው፤ ነገር ግን የሙያካን ግጥም ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልተገኘም። ዊልያም ቴለር የተባለው እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ በ1880ዎቹ ከእርሱ ዘንድ ተቀምጦ ግጥሞቹን ከነምሥጢራቸው አሰባሰበ። መምህሩ በ1890 ሞተ። የቴለር ወረቀቶች ወደ ሎንዶን ተሻግረው ከቆዩ በኋላ ሒቸንስ የተባለ ሰው ከእነርሱ አውጥቶ በ1940 በጆሃንስበርግ መጽሐፍ አድርጎ አሳተማቸው፤ ሙያካ ከሞተ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።