በፈረስ የመጡት አዋላጆች

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ታላቅ እኅቴ ምጥ ጸንቶባት ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ስንወስዳት መንገድ ላይ ሕይወቷ አለፈ። በጣቢያው ሠራተኛም መድኃኒትም ነበረ፤ የጠፋው ወደ እርሷ የሚመጣ ሰው ነው። ይህ ነገር ከልቤ ስላልወጣ፥ የአሜሪካዊቱን የወይዘሮ ሜሪ ብሬከንሪጅን ታሪክ ለአንባቢዎችዎ ባጭሩ እንድናገር ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ወይዘሮ ሜሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 በሜምፊስ ከተማ ከታላቅ ቤተ ሰብ ተወለዱ። አባታቸው በሩሲያ የአሜሪካ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። ይሁን እንጂ ክብሩ ከሐዘን አላዳናቸውም። የመጀመሪያ ባላቸው በ1906 ሞቱ። ከዚያም ነርስነት ተምረው ዳግመኛ ቢያገቡ፥ በ1916 ያለ ወሯ የተወለደችው ሴት ልጃቸው በዚያው ዕለት ዐረፈች፤ ወንዱም በ1918 በአራት ዓመቱ ሞተ። ትዳሩም ፈረሰ።

ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ አገር ተጐጂዎችን ሲረዱ፥ ነርስነትንና አዋላጅነትን አጣምረው የያዙ እንግሊዛውያት አዩ። በ1923 በኬንታኪ ተራሮች በፈረስና በበቅሎ እየዞሩ 53 የልምድ አዋላጆችን አነጋገሩ። (እኛ የቢሮ ሰዎች ብንሆን ኖሮ መጀመሪያ ደብዳቤ እንጽፍ ነበር!) ከዚያም ለንደን ሄደው አዋላጅነትን ተማሩ።

በ1925 በሌስሊ አውራጃ ሥራውን ጀመሩ። በዚያ ስፍራ የመኪና መንገድ አልነበረም። ስለዚህም ነርሶቹ የመሣሪያ ከረጢታቸውን በኮርቻው ግራና ቀኝ አንጠልጥለው፥ የሞላውን ወንዝ እየተሻገሩ፥ በሌሊትም በበረዶም ወደ ወላዲቱ ቤት ይጋልቡ ነበር። እስከ 1930 በተራሮቹ መካከል ስድስት ትናንሽ ጣቢያዎች ተሠሩ፤ ነርሷ ከቅርብ ተነሥታ በጊዜ እንድትደርስ ነው። ክፍያው ለአንድ ወሊድ አምስት ዶላር ሲሆን፥ ገንዘብ የሌለው ለፈረሶቹ ድርቆሽ ያመጣል፥ ወይም በጉልበቱ ይሠራል።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ መዝገባቸው ነው። እያንዳንዱ ወሊድ ይጻፍ ነበር። አንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሺሕ ወሊዶች መርምሮ በ1932 ባወጣው ውጤት፥ በእርግዝና ወይም በምጥ ምክንያት በቀጥታ የሞተች አንዲት እናት እንኳ አልተገኘችም።

ነቀፋቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ታሪኩን ማዛባት ይሆናል፤ ጥቁር ነርሶችን ለመቅጠር ፈቃደኛ አልነበሩም። ለድኆች ይህን ያህል የተቆረቆረ ልብ በዚህ ረገድ ጠባብ መሆኑ ያሳዝናል።

በ1931 ከፈረስ ወድቀው ጀርባቸው ቢሰበርም ሥራውን አልተዉም። በ1939 ጦርነት ተነሥቶ እንግሊዛውያቱ ነርሶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ እዚያው ተራራ ላይ የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወይዘሮ ሜሪ በ1965 በ84 ዓመታቸው፥ ዌንዶቨር በሚባለው የግንድ ቤታቸው ዐረፉ።

አክባሪዎ፥
አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ