መድፍ፣ ብዕርና ሞፈር

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው ቢሮ ለመቀመጥ ነው። ተምሮ ወደ እርሻ መመለስ እንደ ውድቀት ይቆጠራል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ግን ሌላ ትምህርት ይሰጠናል።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ከራስ መኰንን ጦር ጋር ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉም በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ መኰንንነት ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ጉድለትን አይተው ዝም አላሉም። ፋቡላ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጽፈው የሹማምንቱን ጥፋት በአውሬዎች ምሳሌ አሳዩ። ቴአትሩ ታገደ፤ እሳቸው ግን ከሥራ አልቦዘኑም። ጨርጨርን ሲገዙ የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በመጣ ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ።

በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው እንዳይሄዱ ተቃወሙ። ይሁን እንጂ ኋላ እሳቸውም ስደት ደረሰባቸው። በማዳጋስካር ደሴት መሬት እያለሙ ለብዙ ዓመታት ኖሩ። ሲመለሱም ሹመት ደጅ ከመጥናት ይልቅ ሐረርጌ ሂርና ወደሚገኘው እርሻቸው ገቡ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በ1999 ዓ.ም. ታትሞ ለእኛ ደርሷል።

ወንድሞችና እኅቶች! ሥልጣን ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት እጅ ሲወጣ ሞፈር ነበራቸው። እኛስ የተመኘነው ወንበር ቢቀርብን በእጃችን የምንሠራው ምን አለን?